ስቲቭ ጆብስ እና ያልተከፈተው ሳጥን

ጃንዋሪ 27 ቀን 2010፣ ሳን ፍራንሲስኮ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስቲቭ ጆብስ እንደ ልማዱ ጥቁር ሹራብና ጂንስ ለብሶ፣ መድረክ ላይ የተዘጋጀለት የቆዳ ሶፋ ላይ ተደግፎ፣ አይፓድ የተባለውን አዲስ ዕቃ ለዓለም እያሳየ ነው። የጉበት ንቅለ ተከላ ካደረገ ገና ዓመት አልሞላውም፤ በጣም ከስቷል። በጣቱ የኒውዮርክ ታይምስን ድረ ገጽ ከፈተ። ገጹ ከጀርባው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወደ ታች ሲያንሸራትት ግን ቪዲዮ መታየት በነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ የምትመስል ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ብቅ አለች። ትርጉሟ፣ ይህን ይዘት የሚከፍት ፕለጊን እዚህ ዕቃ ላይ የለም ማለት ነው።

ጆብስ ማንሸራተቱን ቀጠለ። ያቺ ምልክት ግን ከዝግጅቱ በኋላ መነጋገሪያ ሆነች።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ስትከፍቱ ይሄ ሳጥን አይገጥማችሁም። ቲክቶኩም ዩቲዩቡም ዝም ብሎ ይከፈታል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ ለማየት፣ ጌም ለመጫወት ወይም የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለማየት ብሮውዘሩ ብቻውን አይበቃም፤ ላዩ ላይ የሚሰካ ሌላ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። ፕለጊን የሚባለው እሱ ነው። ከፕለጊኖቹ ሁሉ ዋናው ደግሞ ፍላሽ ነበር። ፍላሽ ስል ፊልም የምንገለብጥበትን፣ ቁልፍ ላይ የምናንጠለጥለውን ፍላሽ ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ፍላሽ የአዶቢ ኩባንያ ሶፍትዌር ነው። ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብሎ ብሮውዘር ላይ ጌም የተጫወተ ሰው ስሙን ባያውቀውም ሳይጠቀምበት አይቀርም።

ይህን በየኮምፒውተሩ የነበረ ነገር አይፎን ላይ እንዳይገባ በሩን የዘጋው ስቲቭ ጆብስ ነው። ለምን ዘጋው? ልክ ነበር ወይስ እልኸኛ? እኔ መልሱን ፍለጋ ወደ ሰውየው ሕይወት መመለስ ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

የአጥሩ ጀርባ

ስቲቭ ጆብስ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1955 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተወለደ። ወላጅ አባቱ አብዱልፈታህ ጃንዳሊ ከሶሪያ ለትምህርት የመጣ ሰው ነበር፤ እናቱ ጆአን ሺብል ደግሞ አሜሪካዊት። ሳይጋቡ ነው የወለዱት፤ ሕፃኑም ለጉዲፈቻ ተሰጠ። ያሳደጉት ፖል እና ክላራ ጆብስ ናቸው።

ፖል ጆብስ የእጅ ባለሙያ ነበር። ያረጀ መኪና ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ አሳምሮ ይሸጣል። ልጁ ሲያድግ በተደጋጋሚ ያወራው የነበረ አንድ ትምህርት ከዚህ አባት የመጣ ነው፦ አጥር ስትሠራ ማንም የማያየውን ጀርባውንም እንደ ፊቱ አሳምረህ መሥራት አለብህ። ይህ ነገር ጆብስ ላይ እንደ በሽታ ተጣበቀ። በኋላ ኮምፒውተር ሲያሠራ፣ ማንም ከፍቶ የማያየው የውስጥ ሰሌዳ ላይ ያሉት ቺፖች ሳይቀሩ በሥርዓት እንዲደረደሩ መሐንዲሶቹን ያስጨንቅ ነበር።

በ1972 ሪድ ኮሌጅ ገባ፤ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ አቋረጠ። ግን ከግቢው አልወጣም። ደስ ያለውን ክፍል እየመረጠ ይገባል፤ ከነዚህ አንዱ የቁም ጽሕፈት ክፍል ነበር። የፊደል ውበት፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት፣ እነዚህን ሁሉ እዚያ ተማረ። ቀጥሎ አታሪ የሚባል የጌም ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረ፤ በ1974 ደግሞ ሕንድ ሄዶ ወራት ከረመ።

ኤፕሪል 1 ቀን 1976 ከጓደኛው ከስቲቭ ዎዝኒያክ እና ከሮናልድ ዌይን ጋር አፕልን መሠረተ። ለመነሻ ገንዘብ ጆብስ መኪናውን፣ ዎዝኒያክ ደግሞ ካልኩሌተሩን ሸጡ። ዌይን ወዲያው ፈራና 10 በመቶ ድርሻውን በ800 ዶላር አስረክቦ ወጣ። በዓለም የአክሲዮን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የባሰ ሽያጭ ካለ ንገሩኝ። በ1977 አፕል ሁለት የተባለው ኮምፒውተር ወጣ፤ በ1980 መጨረሻ ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ሲገባ የ25 ዓመቱ ጆብስ ሚሊየነር ሆነ።

ሰውየውን መልአክ አድርገን አንሳለው። በ1978 ሊዛ የምትባል ልጅ ተወልዳለት አባትነቱን ለዓመታት ካደ። የራሱ ኩባንያ የሠራው ኮምፒውተር ሊዛ ተብሎ ሲጠራ እንኳ ስሙ ከልጅቷ ጋር እንደማይገናኝ ይናገር ነበር። የኋላ ኋላ ታርቀው፣ በጉርምስናዋ ዘመን እሱ ቤት ኖራለች። ሠራተኛን በሰው ፊት ማዋረድ፣ የሌላን ሰው ሐሳብ የራስ አድርጎ ማቅረብም ሲነገርበት የኖረ ጠባይ ነው።

አዶቢ ሲወለድ

አሁን ወደ አዶቢ እንምጣ። አፕልና አዶቢ ኋላ የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስላሉ እንጂ መጀመሪያ ወዳጆች ነበሩ። አዶቢን ጆን ዋርኖክ እና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 መሠረቱት። ሁለቱም የመጡት ከዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ይዘው የተነሱት ፖስትስክሪፕት የሚባል፣ ፊደልና ሥዕል ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲታተም የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነበር።

የቁም ጽሕፈት ተማሪው ጆብስ ይሄን ሲያይ አላስቻለውም። ኩባንያውን በ5 ሚሊዮን ዶላር ልግዛው አለ፤ እነሱ እምቢ አሉ። በመጨረሻ አፕል ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ ገዛ፤ የፖስትስክሪፕትንም ፈቃድ የዓመታት ክፍያ አስቀድሞ ከፈለ። ለጀማሪ ኩባንያ ይሄ ኦክስጅን ነው። በ1985 አፕል ሌዘርራይተር የተባለውን ፕሪንተር በፖስትስክሪፕት አወጣ። ከማኪንቶሽ ኮምፒውተርና ከፔጅሜከር ሶፍትዌር ጋር ሲደመር፣ ማተሚያ ቤት የሌለው ሰው ጋዜጣና መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ማዘጋጀት ቻለ። አፕልም አዶቢም በዚህ ተጠቀሙ።

ጆብስ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው በ1985 ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ከጆን ስካሊ ጋር ተጋጨ፤ ቦርዱ ከስካሊ ጎን ቆመ፤ የ30 ዓመቱ መሥራች ከራሱ ኩባንያ ወጣ። አክሲዮኑን ከአንዷ በስተቀር ሁሉንም ሸጠ።

የስደት ዘመኑ 11 ዓመት ነው። ሁለት ነገር ሠራበት። በ1986 ከጆርጅ ሉካስ የኮምፒውተር ሥዕል ክፍሉን ገዝቶ ፒክሳር አደረገው፤ በ1995 ቶይ ስቶሪ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም። ሁለተኛው ኔክስት የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ነው። ኔክስት በሽያጭ ረገድ ከሰረ ማለት ይቻላል፤ ዋጋው ውድ፣ ገዢው ጥቂት። ከነዚያ ጥቂት ገዢዎች አንዱ ግን ጄኔቭ አጠገብ ያለው ሰርን የምርምር ማዕከል ነበር። እዚያ ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1990 የዓለምን የመጀመሪያ ብሮውዘርና የመጀመሪያ የዌብ ሰርቨር የሠራው በኔክስት ኮምፒውተር ላይ ነው።

ይሄን ልብ በሉልኝ። ድረ ገጽ የተወለደው ከአፕል የተባረረው ሰው በሠራው ማሽን ላይ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ድረ ገጽ በምን ይሠራ በሚለው ክርክር ውስጥ ዋናው ተከራካሪ ሆነ።

የወጋ ቢረሳ

በ1996 መጨረሻ አፕል ኔክስትን ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ጆብስ አብሮ ተመለሰ። ያገኘው አፕል ግን በዚያ የበጀት ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ሊዘጋ የደረሰ ኩባንያ ነበር። በ1997 ከባላንጣው ከማይክሮሶፍት የ150 ሚሊዮን ዶላር ኢንቨስትመንት እስከመቀበል ደርሷል።

በዚህ ጊዜ ነው ጆብስ ወደ አሮጌ ወዳጁ ወደ አዶቢ ዞር ያለው። ተራ ሰው የቤተሰቡን ቪዲዮ አይማክ ላይ ቆርጦ የሚቀጥልበት ሶፍትዌር እንዲሠሩለት ጠየቀ። አዶቢ እምቢ አለ። የማክ ገበያ ትንሽ ነው፤ ደንበኛው ዊንዶውስ ጋ ነው። በሂሳብ ካያችሁት የአዶቢ ውሳኔ ስህተት የለበትም፤ እኔም ብሆን ያኔ እንደዚያ ነበር የምወስነው። ጆብስ ግን ይሄን ያየው እንደ ክህደት ነው። አዶቢን ከመሠረቱ ጀምሮ ያቆመው እሱ ነበራ! አፕል በ1999 አይሙቪን ራሱ ሠርቶ አወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እዚህ ጋ አንድ ትምህርት ወሰደ፤ ከባህርዩ ጋርም ይሄዳል። የኩባንያህ ዕጣ ፈንታ ሌላ ኩባንያ በሚጽፈው ሶፍትዌር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ያ ኩባንያ ባኮረፈ ወይም በዘገየ ቁጥር አንተም ትወድቃለህ። ከዚያ በኋላ አፕል ብሮውዘሩን ሳፋሪንም በ2003 ራሱ አወጣ።

ፍላሽ ሲነግሥ

ፍላሽ መጀመሪያ የአዶቢ ልጅ አልነበረም። ጆናታን ጌይ የሚባል ፕሮግራመርና ጓደኞቹ ፊውቸርዌቭ በምትባል ትንሽ ኩባንያ የሠሩት ነው። ማክሮሚዲያ ገዝቶ ፍላሽ አለው። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር እየተንተፋተፈ ነበር፤ ፍላሽ ደግሞ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን በሂሳብ ቀመር ስለሚያስቀምጠው ፋይሉ ትንሽ ነው። በደካማ ኔትወርክ ላይ የሚንቀሳቀስ ካርቱን ማየት ተቻለ። አንድ ልጅ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ጌም ሠርቶ ሚሊዮኖች ጋ ያደርሳል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንም የለም።

በ2005 ሁለት ነገር ሆነ። አዶቢ ማክሮሚዲያን በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ዩቲዩብ ደግሞ በፍላሽ ቪዲዮ ሥራ ጀመረ። ቪዲዮ ለማየት የተለያየ ሶፍትዌር እየጫኑ መሰቃየት ቀረ፤ ፍላሽ ካለህ ሁሉም ይከፈታል። ድረ ገጽ ላይ ካለው ቪዲዮ ሦስት አራተኛው በፍላሽ እንደሆነ አዶቢ ይናገር ነበር።

አይፎን ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሲተዋወቅ ፍላሽ አልነበረውም። መጀመሪያ ብዙ ሰው ቆይቶ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ጃቫ የሚባለው ሌላው ፕለጊንም የለም። በ2008 የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል አንድ የአይፎን ማስታወቂያን አገደ፤ ማስታወቂያው ስልኩ የኢንተርኔትን ሁሉንም ክፍል እንደሚከፍት ይናገራል፣ ፍላሽና ጃቫ የሌለው ስልክ ደግሞ ሁሉንም ሊከፍት አይችልም በሚል። ዩቲዩብ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ቪዲዮዎቹን ኤች 264 ወደሚባለው ቅርጽ ቀይሮ አይፎን ላይ እንዲታዩ አደረገ። ትልቁ የፍላሽ ተጠቃሚ ያለ ፍላሽ መኖር እንደሚቻል ማሳየት ጀመረ ማለት ነው።

ስድስቱ ምክንያቶች

አይፓድ መድረክ ላይ ያቺን ሰማያዊ ምልክት ካሳየ ከሦስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2010፣ ጆብስ በስሙ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። አንድ የዚያ መጠን ኩባንያ መሪ ስለ አንድ ፕለጊን ቁጭ ብሎ መጻፉ በራሱ ያልተለመደ ነው። ስድስት ምክንያት ዘረዘረ፤ በራሴ አማርኛ ላሳጥራቸው።

አንደኛ፣ ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ድረ ገጽ ደግሞ የማንም ባልሆነ ደረጃ መሠራት አለበት፤ ለዚህ ኤችቲኤምኤል 5 አለ። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ቪዲዮ በሌላ ቅርጽም ስለሚገኝ ተጠቃሚው ብዙ አልቀረበትም። ሦስተኛ፣ ደህንነቱ ደካማ ነው፣ ማክ ኮምፒውተሮችንም በብዛት የሚያንገጫግጨው እሱ ነው። አራተኛ፣ ባትሪ ይበላል፤ ቪዲዮውን የስልኩ ቺፕ ራሱ ሲፈታው እስከ 10 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ፣ በሶፍትዌር ሲፈታ 5 ሰዓት አይሞላም። አምስተኛ፣ ፍላሽ የተሠራው ለማውስ ነው፤ ብዙዎቹ የፍላሽ ገጾች ቀስቱ ላያቸው ላይ ሲያርፍ የሚከፈት ሜኑ አላቸው፣ ጣት ግን ወይ ይነካል ወይ አይነካም፣ ማንዣበብ የሚባል ነገር የለውም። ስድስተኛውና ዋነኛው ብሎ ያስቀመጠው ደግሞ፣ በአፕልና በፕሮግራመሩ መካከል ሦስተኛ ወገን ከገባ፣ አፕል አዲስ ነገር ባመጣ ቁጥር ያ ሦስተኛ ወገን እስኪፈቅድ ይጠበቃል የሚል ነው።

ስድስተኛው ላይ የ1999ኙ ቁስል ይታያችኋል? አዶቢ የገዛ ሶፍትዌሮቹን ወደ አዲሱ የማክ ሥርዓት ለማዛወር ዓመታት መፍጀቱን ደብዳቤው ውስጥ ሳይቀር አንስቶታል።

አሁን በሚዛን እንየው። ስለ ባትሪው፣ ስለ ደህንነቱና ስለ ጣቱ የተናገረው እውነት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው የ10 ሰዓትና የ5 ሰዓት ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ክፍትነት ላይ የተናገረው ግን ያስቃል። አፕስቶር ውስጥ ምን ይግባ ምን ይውጣ የሚወስነው አፕል ብቻ ነው። ያ የተመሰገነው ኤች 264ም ቢሆን የባለቤትነት መብት ያለበት፣ የፈቃድ ክፍያ የሚጠየቅበት ቴክኖሎጂ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ ብሩ ነው። አፕስቶር ከሚሸጠው መተግበሪያ አፕል እስከ 30 በመቶ ይወስዳል። ፍላሽ ብሮውዘሩ ውስጥ ቢገባ ኖሮ በሺዎች የሚቆጠር ነጻ ጌም በጓሮ በር ይገባል፤ ኬላው ላይ ማንም አይከፍልም። ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩ የገንዘብ ነው ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አምን ነበር። የዘመን ቅደም ተከተሉን ሳየው ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ፤ አይፎን ያለ ፍላሽ የወጣው በ2007 ነው፣ አፕስቶር የተከፈተው ግን በጁላይ 2008 ነው። በሩ ሲዘጋ ኬላው ገና አልተሠራም ነበር። እንዲያውም ጆብስ መጀመሪያ ላይ የውጭ ሰዎች መተግበሪያ ስልኩ ላይ እንዲገባ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ መነሻው ያው የአጥሩ ጀርባ ነው ባይ ነኝ፤ ሙሉውን ዕቃ፣ የሚታየውንም የማይታየውንም፣ ራሱ ካልሠራው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ጠባይ። ገንዘቡ በኋላ መጥቶ በሩን በቁልፍ ቆለፈው።

ለዚህ ማስረጃ በዚያው በ2010 ጸደይ አፕል ያወጣው ደንብ ነው። በፍላሽ መሣሪያ ጽፎ ወደ አይፎን መተግበሪያ መቀየርንም ከለከለ። ይሄ ከባትሪም ከብሮውዘርም ጋር አይገናኝም፤ ንጹሕ ቁጥጥር ነው። ጩኸቱ ሲበዛ በሴፕቴምበር ክልከላውን አላላው።

35 ቀን

አዶቢ ዝም አላለም። በሜይ 2010 ጋዜጦች ላይ አፕልን እንደሚወድ፣ የማይወደው ግን የመምረጥ ነጻነት ሲነጠቅ እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ አወጣ። ጉግል ደግሞ ከአዶቢ ጎን ቆሞ አንድሮይድ 2.2 ላይ ፍላሽን አስገባ። ያኔ ፍላሽ መክፈት መቻል የአንድሮይድ ስልክ መሸጫ ሆኖ ነበር።

ግን ሠራ? በግማሽ። ስልኩ ይግላል፣ ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ለማውስ የተሠራው ጌም በጣት አልታዘዝ ይላል። ፍላሽ እንዲገባበት የተፈቀደለት ስልክ ላይም ቤቱ አልሆነለትም። በዚህ መሀል በየወሩ ብዙ አይፎንና አይፓድ ይሸጣል፤ የድረ ገጽ ባለቤቶች ደግሞ እነዚህን አንባቢዎች ላለማጣት ገጻቸውን በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና መሥራት ያዙ። ገበያው ራሱ ወሰነ ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ነው፣ ግን ገበያውን የገፋው ሀብታም ደንበኞች የያዘ አንድ ኩባንያ ነው።

ጆብስ ፍጻሜውን አላየም። በ2003 የቆሽት ካንሰር እንዳለበት ታውቆ፣ ቀዶ ሕክምናውን ለወራት አዘግይቶ በአመጋገብና በሌላ ዘዴ ሊድን ሞክሮ ነበር። ሁሉንም ነገር ራሱ ካልተቆጣጠረ የማይሆንለት ሰው፣ ገላውንም ለሐኪም ለመስጠት አመነታ። በ2004 ቀዶ ሕክምና፣ በ2009 የጉበት ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ኦገስት 24 ቀን 2011 ከሥራ አስፈጻሚነት ለቀቀ፤ ኦክቶበር 5 ቀን 2011 በ56 ዓመቱ ፓሎ አልቶ ቤቱ ውስጥ አረፈ። ባለቤቱን ሎረን ፓወልን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሊዛን ትቶ ነው የሄደው።

ከሞተ በ35ኛው ቀን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2011፣ አዶቢ ለስልክ ብሮውዘሮች ፍላሽ መሥራት ማቆሙን አሳወቀ። በዚያው ሰሞን ወደ 750 የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስም ተናገረ። ኮምፒውተር ላይ ያለውም ዕድሜው አልረዘመም። በ2015 መጀመሪያ ዩቲዩብ ዋና መንገዱን ወደ ኤችቲኤምኤል 5 አዞረ፤ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 የፍላሽ ድጋፍ አበቃ፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ደግሞ አዶቢ የፍላሽ ይዘት ጨርሶ እንዳይከፈት ዘጋው።

የቀረው

የተጎዳ አለ? አዎ። ለዓመታት አንድ ሙያ ተምረው፣ ከሱ እንጀራ የሚበሉ የፍላሽ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮች ችሎታቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ዋጋ አጣ። ልጆች የተጫወቱባቸው ብዙ ጌሞችና ካርቱኖች አንድ ቀን አልከፈት አሉ። ኢንተርኔት አርካይቭ በ2020 መጨረሻ ላይ ራፍል በሚባል፣ ፍላሽን አስመስሎ በሚያስኬድ ሶፍትዌር የተወሰኑትን ማዳን ጀመረ። እዚሁ አፍሪካችን ውስጥ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት የግብር ቅጾቹ ገና በፍላሽ ስለነበሩ፣ ፍላሽ ከተዘጋ በኋላ በ2021 መጀመሪያ ላይ እነዚያን ቅጾች ብቻ የሚከፍት የራሱን ብሮውዘር እስከማውጣት ደርሷል። ዓለም ሲለወጥ ቀድሞ ያልተዘጋጀ መሥሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚከፍል ከዚህ በላይ ምሳሌ አላውቅም።

የተጠቀመስ? እኛ። አብዛኛው የኛ ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በስልክ ነው፤ ላፕቶፕ የሌለው ስንቱ ነው። ድረ ገጽ በፍላሽ ላይ እንደተገነባ ቢቀጥል ኖሮ፣ ስልክ ብቻ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ ያንን ባዶ ሳጥን ሲያይ በኖረ ነበር። ፕለጊን አውርድ፣ አሻሽል፣ ቫይረስ ገባ የሚባለው ጣጣ ቀርቶ ቪዲዮ የብሮውዘሩ የራሱ አካል ሆኗል። ይሄን ያመጣው ጆብስ ብቻውን አይደለም፤ ኤችቲኤምኤል 5ን የሠሩት ሌሎች ብዙ ሰዎች ናቸው። እሱ ያደረገው ሁሉም ሰው መለወጥ እየፈለገ የማይጀምረውን ነገር በግድ ማስጀመር ነው። በኛ ትምህርት ሁሉም አንድ ላይ ካልተንቀሳቀሰ ማንም ብቻውን የማይንቀሳቀስበት ሁኔታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አንድ እልኸኛ መጥቶ ኪሳራውን ካልተሸከመ አይፈታም።

ኬላው ግን አልተነሳም። አይፎን ላይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ የምትከፍቱ ካላችሁ፣ ከላይ ያለው ስም ይለያይ እንጂ ከሥር ያለው ሞተር የአፕል ዌብኪት ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሕግ አስገድዶ ከ2024 ጀምሮ እዚያው አውሮፓ ውስጥ ሌላ ሞተር እንዲፈቀድ አድርጓል። አንድሮይድ የያዝነውም ብንሆን ሌላ ባለ ኬላ ጋ ነን፤ የሱ ደንብ ላላ ይላል እንጂ።

ስለዚህ ጆብስ ልክ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ የኔ መልስ ሁለት ክፍል አለው። ስለ ፍላሽ ልክ ነበር፤ ከእልህ ተነስቶም ቢሆን ልክ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ልክ ሆኖ በዘጋው በር ላይ የቀረው ዘበኛ፣ ሰውየው ከሞተም በኋላ እዚያው ቆሟል። ዘበኛው ቀጣዩን እንግዳ ሲመልስ እንደ ጆብስ ስለ ባትሪና ስለ ደህንነት ይነግረናል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ብቻ ከዚያ ምክንያት ጎን ያለውን 30 በመቶም አብረን እንቁጠረው።